ጨለማ ውስጥ የረዘመው ባቄላ

የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ሒሳቡንም፣ አማርኛውንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም ለአንድ ክፍል ልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ። ብዙ ወላጆች ይህን የመምህር እጥረት ያመጣው ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በታችኛዎቹ ክፍሎች ታስቦበት የተያዘ አሠራር ነው። ጥቅሙን በባቄላው ትምህርት ላሳያችሁ።

ልጆቹ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አፈር ሞልተው ባቄላ ይዘራሉ። ግማሹን መስኮት ሥር፣ ግማሹን ቁም ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን። ሲበቅል በማስመሪያ ይለካሉ፤ ይህ ሒሳብ ነው። ያዩትን በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ይህ ደግሞ አማርኛ ነው። ደወል ተደወለ ብዬ ነገሩን ከመሀል አልቆርጠውም።

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ክፍሉ ይንጫጫል። «ቲቸር፣ የጨለማው ለምን በለጠ?» እውነትም በቁመት በልጧል፤ ግን ገርጥቷል፣ ግንዱም ቀጥኗል። ዘሩ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ እየጨረሰ ብርሃን ፍለጋ ተመዟል። «ዕፅዋት ብርሃን ያስፈልጋቸዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም ልጅ ሸምድዶ ለፈተና ይደርሳል፤ ያን የገረጣ ግንድ በጣቱ የነካ ልጅ ግን ምክንያቱንም ያስረዳችኋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ማድረጉም እዚህ ላይ ዋጋው ይታየኛል፤ ልጅ «ለምን?» ብሎ የሚሞግተው በሚያስብበት ቋንቋ ነው።

እናም ወላጆች፣ ልጃችሁ ቤት ሲገባ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» በሉት። ባዶ የውሃ ፕላስቲክም አትጣሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት ላኩልን።