እንሰት ቤትን እንዳቆመ

የሰው ልጅ በጥንት ዘመን አውሬ እያደነ፥ ሥራሥር እየማሰ ከቦታ ወደ ቦታ ይዞር ነበር። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን በኤፍራጥስና በጤግሮስ ወንዞች አገር ስንዴና ገብስ መዝራት ስለ ጀመረ፥ ጎጆ ቀለሰ፤ ጎተራም አበጀ። ከጎተራውም ጋራ ባለጸጋና ድኻ ቀስ በቀስ ተለዩ።

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የሲዳማን ጓሮ የሚመለከት ሰው ይህን ነገር በዓይኑ ያስተውላል። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋልና፥ የተከለው ሰው ትቶት አይሄድም። ዝናም ሲያጥርም ይታገሣል። ነገር ግን በቀርከሃ ፍቀው፥ በጉድጓድ አብላልተው ቆጮና ቡላ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ቤትን ያቆመ የእናቶች ድካም ነውና፥ ይህን ድካም የሚያቀል መሣሪያ ማበጀት ለባለሥልጣን የሚገባ ሥራ ነው።