የዶሮ ቤቱ ስቱዲዮ

ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ ሰው ቤት ስገባ ቀድሜ የማየው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከነበሩት የእንግሊዝ መኖሪያ ቤቶች ዲምቦላን አስበልጬ የምወደውም ለዚህ ነው።

ቤቱ የሚገኘው አይል ኦፍ ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ፍሬሽዋተር ቤይ አጠገብ ነው። በኋላ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች ገዛች፤ በመካከላቸውም አናቱ እንደ ጥንት ግንብ ጥርስ ያለው ማማ አስገንብታ አንድ ቤት አደረገቻቸው። ስሙን ያገኘው ቤተሰቡ በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከነበረው የቡና እርሻ ነው።

ማማው ያምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጓሮው ነው። በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ ካሜራ ሰጧት። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ መስታወት የተገጠመለትን የዶሮ ቤት ደግሞ ስቱዲዮ አደረገችው። በዚያን ጊዜ መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይፈስስና ብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ሳይደርቅም ፎቶው ተነሥቶ መታጠብ አለበት። ሁለቱ ክፍሎች ቢራራቁ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይቀር ነበር።

በሐምሌ 1868፣ መቅደላ በወደቀች በሦስት ወሩ ገደማ፣ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ፍሬሽዋተር ላይ ካሜራዋ ፊት ተቀመጠ። የ7 ዓመት ልጅ ነው። አባቱን መቅደላ ላይ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በመንገድ አጥቷል። አብሮት ያለው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ የአበሻ ልብስ ለብሷል፤ ካሜሮንም በፎቶው ርእስ ላይ የጠራችው በኢትዮጵያ ስሙ፣ ባሻ ፈለቀ ብላ ነው። በልጁ ፊት ላይ ፈገግታ የለም። በእርሷ ካሜራ አንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይወስድ ነበር፤ ሕፃን ያነሣ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። ከልዑሉ ሥዕሎች ሁሉ ሐዘኑን ሳይሸፍን ያሳየን ይህ ይመስለኛል።

ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሴሎን ሄደ። ካሜሮን በ1879 እዚያው ሞተች፤ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ አረፈ። ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመፍረስ የዳነው በስሟ በተቋቋመ ድርጅት ጥረት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት። እኛም እርሷ ያነሣቻቸውን የልዑሉን ፎቶዎች ስናትም «ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፣ ፍሬሽዋተር፣ 1868» ብለን እንጻፍባቸው።