ያውቁ ኖሯል? ብረትና የሕፃናት ደም

▪ በጊዜው የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ክምችት እስከ ስድስት ወሩ ገደማ ያደርሰዋል። የጡት ወተት ወደር ባይኖረውም ብረቱ ጥቂት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ የግድ ነው።

▪ በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ መሠረት ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል። ለአባቱ ግን 8 ይበቃዋል!

▪ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢን አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ ደም ሲመረመር ከውጤቱ ላይ በዴሲ ሊትር ከ1 ግራም በላይ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ የደም ማነሱ ሳይታወቅ ያልፋል።

▪ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 57 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 42 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ዋናው መንስኤ የብረት እጥረት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም።

▪ በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ይህ ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። የእህሉን ብረት አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ግን የሊጡ መቡካት ይቀንሰዋል።

▪ በልጁ ምስር ክክ ላይ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉ ብረቱ በደንብ ይዋሃደዋል። ከምግቡ ጋር ሻይ ቢሰጡት ግን ያግደዋል።

▪ ጉበትና ሥጋ በቀላሉ የሚዋሃድ ብረት አላቸው። ጾም ሕፃናትን አይመለከትም፤ በዐቢይ ጾምም ቢሆን የልጁ ድስት ለብቻው ይጣድ።