ተረት፣ ማዳበሪያና አንድ መጥፎ ጥያቄ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካሉት የመርጃ መሣሪያዎች ሁሉ በጀት የማይጠይቀው፣ የማይሰበረውና ንብረት ክፍል በፊርማ የማያስረክበው ተረት ነው። የሚናቀውም ለዚሁ ይመስለኛል። ካርታ ሲጠፋ ይጠየቃል፤ ሉል ሲሰበር ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ተረት ከአንድ ትምህርት ቤት ጨርሶ ቢጠፋ ግን «የት ደረሰ?» የሚል የለም። እኔ በሀዲያና በከምባታ ትምህርት ቤቶች በተዘዋወርኩ ቁጥር፣ በሆሳዕና ይሁን በሀቢቾ ወይም በዱራሜ፣ መጀመሪያ የማየው መምህሩ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ ልጆቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ተረት መናገር መቻሉን ነው።

ተረት ምን እንደሆነ ለአገሬ አንባቢ አላስረዳም። ጅቡ ይሞኛል፣ ጦጣዋ ታታልላለች፣ አንበሳው ይፈርዳል፣ አህያዋ የጅብ ራት ትሆናለች። ይህን የማያውቅ የለም። ያልተስተዋለው ነገሩ ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ሥራ ነው።

መግቢያውን ብቻ እንይ። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚይዝ ክፍል ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ሁሉ ልጅ በአርጩሜም ሆነ በጩኸት ዝም ማሰኘት ይቻል ይሆናል፤ ማዳመጥ ግን በግድ አይመጣም። ከሆሳዕና ወጣ ባለ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንዲት አንጋፋ መምህርት አውቃለሁ። «ተረት ተረት» ይላሉ፤ ክፍሉ «የላም በረት» ብሎ ያናውጠዋል። ሁለተኛ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጆቹም ዝቅ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ሹክሹክታ ነው፤ መልሱም ሹክሹክታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት ሲንቋቋ እንኳ ይሰማል። «ዝም በሉ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ልጆቹ መልስ ስለሰጡ ተረቱ የእነሱም ሆኗል፤ ሰው የራሱ የሆነውን ነገር አቋርጦ አያወራም።

ቀጥሎ ማዳበሪያ። በየገጠሩ ከዘር ወቅት በኋላ ነጩ የማዳበሪያ ከረጢት በየቤቱ ይተርፋል። መምህራን ስፌቱን ፈትተው፣ አጥበው፣ በማርከር ወይም በቀለም ፊደል ይጽፉበታል፤ የሰውን የውስጥ አካልና የኢትዮጵያን ካርታ ይስሉበታል። አይቀደድም፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አቧራ ሲጠጣ ይታጠባል። በዚህ አካባቢ ክፍሎች ግድግዳ ላይ በአንዱ ከረጢት የአማርኛው ሀ ሁ፣ በሌላው የሀዲይሳ የላቲን ፊደል ጎን ለጎን ተሰቅለው ይታያሉ።

ለተረት ግን ማዳበሪያውን አብዛኛው መምህር አያውቅበትም። ተረቱን በሙሉ፣ ጅቡንም አህያዋንም፣ በቀለም አስውቦ ይስልና ከረጢቱ የአንድ ተረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሚሻለው መንገዱን ብቻ መሳል ነው፤ አንድ ጎጆ፣ ከጓሮው እንሰት፣ አንድ ወንዝ፣ አንድ ኮረብታ፣ ማዶ ላይ ገበያ። የተረት ሰዎችና አውሬዎች የሚሄዱበት አገር ሁልጊዜ ይኸው ነው። እንስሳቱን ከካርቶን ቆርጦ በእሾህ እየሰኩ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ነው። ለጅቡ የአንገት ፀጉር ቃጫ፣ ለዓይኑ የጠርሙስ ቆርኪ። ቃጫ ደግሞ እንሰት በሚፋቅበት አገር አይቸግርም። ላምና በሬውን ልጆቹ ራሳቸው ከጭቃ ይሠሩታል፤ ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸውና የወተት ላምና የእርሻ በሬ ለይተው ይሠራሉ።

አንድ ወቀሳ ግን አለኝ። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ከተቋቋሙ ወዲህ ሐሳቡ በየትምህርት ቤቱና በየጉድኝቱ ወርዷል፤ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁንና ስንቱ ማዕከል ነው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ብቻ የሚከፈተው? እንግዳ ሲመጣ ይሰቀላል፣ እንግዳ ሲሄድ ይጠቀለላል። ልጅ ያልነካው የካርቶን ጅብ የመርጃ መሣሪያ አይባልም፤ የሪፖርት ማሟያ ነው። የጅቡ ጆሮ ተቀዶ፣ ቃጫው ተነቅሎ ሳይ ግን ያ ክፍል እየተማረ እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ተረት ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «እሺ ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?»

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ መምህር ጥቂት ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ከምንባቡ ሥር ይገኛል፤ በዕለት ዕቅዱ ላይ «ማጠቃለያ» በሚለው ረድፍ ይሰፍራል። መልሱም ተለይቶ ይታወቃል። እጁን ያወጣው ልጅ ተነስቶ «ክፉ ሥራ መሥራት ጥሩ አይደለም» ይላል፤ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» ይባላል። ተረቱ ስለ ስግብግብ ጅብም ይሁን ስለ ብልህ ሙሽራ መልሱ ያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ መልሱን ስለሚያውቁት ተረቱን መስማት አያስፈልጋቸውም።

ደግሞስ የትኛው ተረት ነው ለዚህ ጥያቄ የሚመቸው? በብዙዎቹ ተረቶቻችን ጦጣዋ ትዋሻለች፣ ትሰርቃለች፣ በመጨረሻም አምልጣ ዛፍ ላይ ሆና ትስቃለች። ጅቡ የሚሸነፈው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሞኝ ስለሆነ ነው። እውነተኛ ልጅ እውነቱን ቢመልስ «መዋሸት ያዋጣል» ማለት ነበረበት። ይህን ያለ ልጅ ሲቆጡት አይቻለሁ፤ በደንብ ያዳመጠው እሱ ነበር።

ተረቱን ቤት ውስጥ የነገሩን አያቶቻችን ይህን ጥያቄ ጠይቀውን አያውቁም። አጨራረሳቸውን አስታውሱ፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ተረት የተነገረው ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም የሚከፈለው በምክር አይደለም፣ በሌላ ተረት ነው። ወይም ያንኑ ተረት በራሱ አፍ መልሶ በመናገር ነው። ምሽት ላይ እሳት ዳር ተረት ይዞር የነበረው በዚህ ሕግ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ቀጣዩ ይመልሳል። ይህን ሕግ ክፍል ውስጥ ያስገባ መምህር የንግግር፣ የማዳመጥና የማስታወስ ትምህርቱን በአንድ ጊዜ አገኘ። ሰኞ የተነገረውን ተረት ረቡዕ ከመጨረሻው ወንበር ያለው ልጅ ይመልሰው። ሲስት ጓደኞቹ ያርሙታል፤ እርማታቸውም ከመምህሩ ይልቅ ጥብቅ ነው፣ አንድ ወንዝ እንኳ አያስዘልሉትም።

ጥያቄ ይቅር እያልኩ አይደለም። ጥያቄው ከመጨረሻው ወደ መሐል ይምጣ ነው የምለው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ያለው፣ ለመጽሐፉም ስሙን የሰጠው ታሪክ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ አሽከር ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን በብርዳም ተራራ ላይ ሊያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ብልህ ሽማግሌ ከማዶ ኮረብታ ላይ እሳት ያነድለታል፤ አሽከሩ እሱን እያየ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል፤ ውርርዱን ተሸንፈሃል» ይለዋል። ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል።

እዚህ ላይ ቁሙ። ጨርሳችሁ አትናገሩ። ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹ ለጌታው፣ ግማሹ ለአሽከሩ ይሟገት፤ አምስት ልጆች ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡ። በከምባታ አንድ ክፍል ውስጥ ይህን ሙግት ስሰማ ለአሽከሩ የቆሙት ልጆች «ማየት አያሞቅም» ብለው ሊረቱ ሲቃረቡ፣ አንዲት ልጅ ከጌታው ወገን ተነስታ «ፀሐይም ሩቅ ናት፤ ግን ታሞቃለች» አለች። ሁሉም ተያዩ። መምህሩ መልሱን አልሰጠም፤ «ነገ በሳይንስ ፔሬድ እናየዋለን» ብሎ ብቻ አለፈ። በማግስቱ ሻማ አምጥቶ ልጆቹ እጃቸውን ከቅርብና ከራቅ እያደረጉ ሞከሩት፤ ከዚያ ስለ እሳቱ ትልቅነትና ርቀት ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። ተረቱን የጨረሰላቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግብዣ ተጠርተው የወጡን ሽታ ብቻ አሽትተው እንዲጠግቡ የተፈረደባቸውን እንግዶች ሲሰሙ የፈነዳውን ሳቅ በቃል መግለጽ አልችልም። «ምን ተማራችሁ?» ያለ የለም።

የቋንቋው ነገር አጭር ቢሆንም አስፈላጊ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከከፈተ ወዲህ ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል ወደ ክፍል ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደተሳናቸው ካሳየ በኋላ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጁ፤ ሀዲይሳ አንዱ ነበር። መምህሩ ከዚህ ላይ መጨመር የሚችለው ይህን ነው፤ ልጁ ተረቱን መጀመሪያ እቤት በሰማበት ቋንቋ ይናገር። ያንኑ ተረት በሳምንቱ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይናገረው። ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አዲስ ሆኖ የሚያስጨንቀው ቃሉ ብቻ ነው። ሀዲይሳ ተናጋሪ ልጅ የማያውቀውን ተረት በማያውቀው ቋንቋ እንዲረዳ ማስገደድ ሁለት ሸክም በአንድ ትከሻ መጫን ነው።

ለመምህሩ መነሻ የሚሆን ነገርም አይጠፋም። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክልሉ እየዞረች ተረት ነጋሪዎችን አዳምጣ የሰበሰበችው በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፎ ለትምህርት ቤቶች ንባብ ተዘጋጅቷል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትሟል፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያስጀመረው እሱ ነው። ማሞ ቂሎ ለታናናሾቹ ክፍሎች እጅግ ይመቻል፤ እናቱ ለትናንቱ ነገር ያዘዘችውን በዛሬው ላይ ስለሚፈጽም፣ ልጆቹ ቀጥሎ የሚያበላሸውን አስቀድመው ይገምታሉ፣ ቅደም ተከተልም ይማሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «ትንሹ ልዑል» የተሰኘው መጽሐፍ በከምባትሳ ታትሟል። ድምፅ አወጣጥን ለመማር የሚፈልግ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉትን የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን የቴሌቪዥን ቅጂዎች ፈልጎ ይመልከት፤ ከአርባ ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረዋል። አውሬው ሊናገር ሲል እሳቸው ለአፍታ ዝም የሚሉትን ዝምታ ልብ ይበል።

የመጨረሻ ልመናዬ ስለ መስከረም ነው። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታም መሳላ የሚባለው በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ የሄደው ሁሉ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አያት፣ አክስት፣ አጎት በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። ትምህርትም ገና መጀመሩ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ የቤት ሥራ «ከዘመድ አንድ ተረት ሰምታችሁ ኑ» ይሁን። ልጆቹ ሲመለሱ አንድ ወፍራም ደብተር ለክፍሉ ይመደብ፤ መጻፍ የሚችለው ራሱ ይጻፍ፣ ያልቻለው ይናገርና መምህሩ ይጻፍለት። ከእያንዳንዱ ተረት በላይ ማን እንደነገረው፣ በየትኛው ቀበሌና በምን ቋንቋ እንደተነገረ ይመዝገብ። ሁለት ልጆች አንዱን ተረት በተለያየ አጨራረስ ይዘው ቢመጡ ሁለቱም ይጻፉ፤ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ተብሎ አንዱ እንዳይሰረዝ። ደብተሩም ከማዕከሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ልጆቹ ሊደርሱበት ከሚችሉት መስኮት ሥር ይቀመጥ።