የራስ ጉዳትና በአንጎል ዙሪያ የሚጠራቀም ደም፦ በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። በጎዳናው ላይ የመኪና አደጋ፣ በአምባሰል ገደላማ ስፍራዎች ደግሞ መውደቅና የዱላ ምት ለራስ ጉዳት መነሻ ይሆናሉ። ተጎጂው ጤና ጣቢያ የደረሰው እየተናገረ ቢሆን እንኳ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም።

በራስ ቅልና በዱራ ማተር መካከል የሚጠራቀመው ደም፣ ማለትም ኤፒዱራል ሄማቶማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው በጆሮ ግንድ በኩል ያለው አጥንት ተሰንጥቆ ከሥሩ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ሲቀድ ነው። አንዳንዱ ሕመምተኛ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ይነቃል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል። ይህ የመንቃት ጊዜ በሁሉም ላይ ስለማይታይ አለመኖሩ በሽታውን ውድቅ አያደርግም። ሰብዱራል ሄማቶማ በአብዛኛው ከዱራ ማተር ሥር ካሉ ደም መልሶች የሚፈስ ሲሆን፣ በአረጋውያን ላይ ቀላል ምት ከደረሰ ከሳምንታት በኋላ የባሕርይ ለውጥ መስሎ ሊመጣ ይችላል።

ሲቲ ስካን በሌለበት ዋናው መሣሪያ ተደጋጋሚ ምርመራ ነው። የግላስጎው ኮማ መለኪያ፣ የዐይን ብሌኖች ስፋትና የእጅና የእግር ኃይል በየግማሽ ሰዓቱ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ራጅ ስብራት አለማሳየቱ ደም አለመኖሩን አያረጋግጥም። አልኮል የሸተተውን ሁሉ «ሰክሮ ነው» ብሎ ማስተኛት ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና አየር መንገድን መክፈት፣ አንገትን መጠበቅና ኦክስጅን መስጠት ነው። ሲስቶሊክ የደም ግፊት ከ110 እንዳይወርድ ሳላይን ይሰጣል፤ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ የአንጎልን እብጠት ያባብሳል። ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ክራሽ-3 ጥናት መሠረት፣ ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ያለባቸውን ይረዳል። ስቴሮይድ ሞትን እንደሚጨምር በ2004 ስለታወቀ አይሰጥም። ማኒቶል የሚያስፈልገው አንዱ ብሌን ሲሰፋ ወይም ሕመምተኛው በፍጥነት ሲደክም፣ ግፊቱም ካልወረደ ነው።

ኤፒዱራል ደም ከ30 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ፣ ሕመምተኛው ንቁ ቢሆንም፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ለአጣዳፊ ሰብዱራል መለኪያው ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠ ውፍረት ወይም የአንጎል መካከለኛ መስመር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መሸሽ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ባለሙያው ዛሬም በየስፍራው አይገኝም።

ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአምባሰል ተራሮች በቃሬዛ የወረደ ሰው ግን ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሰዓታት አልፈውበታል። ስለዚህ መለኪያው በ2 ነጥብ እንደቀነሰ፣ ኮማ ሳይጠበቅ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል በስልክ ተነግሮት ከምዝገባው ጋር በባለሙያ ታጅቦ ይላካል። ቤቱ ከመኪና መንገድ የራቀ ሕመምተኛ፣ ደህና ቢመስልም፣ 24 ሰዓት በጤና ጣቢያው ቢቆይ ይሻላል፤ ሌሊት ቢፈዝ የሚያወርደው ቃሬዛ ከመንጋቱ በፊት ላይነሳ ይችላል።