ማር ለዓይን መድኃኒት ይሆናል?

አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማም እሷ ናት። አገሩ ደጋ ነው። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ንቡ ሥራ ይበዛበታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። በዚያ ወራት ማር በየገበያው ይወጣል።

በኛ አገር ማር ምግብ ብቻ አይደለም። ጉሮሮ ሲከረክር ማር ይላሳል። ቁስል ሲመረቅዝ ማር ይቀባል። ዓይን ሲደርቅና ሲቆጠቁጥም፣ «እስቲ ማር ጠብ አድርጉበት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። አያቴ ለብዙ ዓመት ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል ይሉ ነበር። ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል። ፀሐይ ማየት አይችሉም። ከቤት ሲወጡ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሄዱት። ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የምድጃው ጢስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይሉና፣ «ና እስቲ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው፣ ይቺን ፀጉር ንቀልልኝ» ይሉኛል። ወደ ውስጥ የዞረውን የሽፋሽፍት ፀጉር አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አንዳንዱ ከሥሩ ይነቀላል። አንዳንዱ መካከሉ ላይ ይሰበራል። ልጅ ስለ ነበርሁ የተሰበረውም የተነቀለውም ለእኔ አንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማሩ ተራ ይመጣል። ከማሰሮው በጣታቸው ጫፍ ጨልፈው ዓይናቸው ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ፊታቸው ይኮሳተራል። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። እኔ እደነግጣለሁ።

«አቃጠለዎት እንዴ እማማ?»

«እሰይ! ያቃጥል እንጂ! ያላቃጠለ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

ጥቂት ቆይተው «አሁን ቀለል አለኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ለጊዜው ይቀላቸዋል። ሲነጋ ግን ሕመሙ እዚያው ነው።

አያቴ ሞኝ አልነበሩም። ማር ኃይል አለው። ከ100 እጅ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ 17 ወይም 18 እጁ ውሃ ነው። ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ቋንጣ ሆኖ የሚቆየው ለምንድን ነው? ጨው ውሃውን ስለሚመጠው ነው። ውሃ ከሌለ ሥጋ የሚያበላሹ ጀርሞች መኖር አይችሉም። የማር ስኳርም ጀርሞችን ውሃቸውን መጥጦ ያደርቃቸዋል። ደግሞም ማር ኮምጣጣነት አለው፤ ጣፋጩ ሸፍኖት ነው እንጂ። ንቧም የምትጨምርበት ነገር አለ። ያ ነገር ማሩ በውሃ ሲቀጥን፣ ሐኪም ቤት ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣውን ዓይነት መድኃኒት በጥቂቱ ይሠራል። ስለዚህ ማር ቁስል ላይ መቀባቱ ባዶ ወሬ አይደለም። ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ማርን ከዓይን መድኃኒት ጋር ጽፈውታል።

ታዲያ አያቴን ለምን ቀለላቸው? ማር ዓይን ሲነካ ያቃጥላል። የተቃጠለ ዓይን ያነባል። እንባውም ደረቁን ዓይን ያርሰዋል። ቆሻሻውንም ጠርጎ ያወጣዋል። ለጊዜው ያሳረፋቸው የገዛ እንባቸው ነበር። ምስጋናውን የወሰደው ግን ማሩ ነው።

በሠለጠነው ዓለም ከማር የተሠራ የዓይን ጠብታ መኖሩን የሰማችሁ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፣ አለ። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ማኑካ የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል። ንቦች ከአበባው ከሚሠሩት ማር ለደረቀ ዓይን የሚሆን ጠብታ ተሠርቷል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎችም በሕሙማን ላይ ሞክረውት ለአንዳንድ ዓይነት የዓይን ድርቀት እንደሚረዳ ጽፈዋል። ነገር ግን ያ ማር ከማሰሮ የተጨለፈ አይደለም። ተጣርቷል፣ ጀርሙ ጠፍቷል፣ በልክ ቀጥኗል፣ በታሸገ ዕቃ ተቀምጧል። እንዲያም ሆኖ ሲጨመር ያቃጥላል።

የኛን ማር እንመልከተው። ማር ቆራጩ በጨለማ፣ በኩበት ጢስ ንቡን እያባረረ ነው የሚቆርጠው። ማሩ ውስጥ ሰም አለ፣ እጭ አለ፣ የሞተ ንብ አለ፣ አመድ አለ። ማሰሮውን ስንት እጅ ነክቶታል? ገበያ ከወጣ በኋላ ደግሞ ስኳር አቅልጦ የሚቀላቅልበት ነጋዴ አለ። ለምላስ ይህ ሁሉ ችግር ላይሆን ይችላል። ሆድ ብዙ ይችላል። ዓይን ግን እንደ ሆድ አይደለም።

«ባፈላውስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማር ውስጥ እንደ ዘር ደርቀው ብዙ ጊዜ የሚቆዩ ጀርሞች ይገኛሉ። እነዚህ በቤት ማፍላት አይሞቱም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አታልሱ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ አራስ ልጅ ማር ማላስ በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነውና። ማፍላቱ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ንቧ የጨመረችበትን ጠቃሚ ነገር ግን ያጠፋዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሌላ ነው። ማር ጊዜ ያባክናል። አያቴን ያገኛቸው ይኸው ነው። በማርና በወረንጦ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የግራ ዓይናቸው ላይ ብልዝ ወጣ። መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ ነበረ። ከዚያ እየሰፋ ሄደ። በዚያ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ምንም ማየት ተሳናቸው።

የቀበሌው ጤና ኬላ ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር እኛም ቤት መጣች። ወጣት ልጅ ናት። እጇን ታጥባ የአያቴን የዓይን ቆብ ገለበጠችና በፀሐይ ብርሃን አየችው።

«እማማ፣ ይህ ጢስ ብቻ አይደለም። ትራኮማ ነው። የዓይንዎ ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ይዟል። ጠባሳው ሲኮማተር ፀጉሩን ወደ ውስጥ አዞረው። ፀጉሩ ዓይንዎን ቀንም ሌትም ይፍቀዋል።»

«ማር አደርግበት የለ እንዴ ልጄ?»

«ማር ፀጉሩን መልሶ ያዞረዋል እማማ?»

አያቴ ዝም አሉ። ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

ትራኮማን ብዙ ሰው የዓይን ማዝ ይለዋል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ ፊት በተጠረገበት ጨርቅ ይተላለፋል። ዝንብም ያዛምተዋል። የአንዱን ልጅ አይናር ቀምሶ ሄዶ ሌላው ዓይን ላይ ያርፋል። ልጁ ደጋግሞ ሲያዘው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠብሳል። ሕመሙ በልጅነት ይዘራል፣ ፍሬው በጎልማሳነት ይታጨዳል። ፀጉሩ የሚዞርባቸው ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። ልጅ የሚያቅፉት፣ የልጅ ፊት የሚጠርጉት እነሱ ናቸውና። ዓይን የሚያርሱት ዕጢዎች በጠባሳው ስለሚጎዱም ዓይኑ ይደርቃል። ድርቀቱ ከዚህ ሲመጣ ማር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ይህ በሽታ የኛ አገር ሸክም ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ልጆች ከ60 በላይ የሚሆኑት ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በኅዳር 2001 ዓ.ም. በክልሉ የወባና የትራኮማ ሳምንት የተባለ ዘመቻ ተጀመረ። የልጆች ቁመት በዘንግ እየተለካ በመጠናቸው መድኃኒት ይሰጣቸው እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ነው። ለልጅ ሽሮፕ፣ ለአዋቂ እንክብል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ቴትራሳይክሊን የሚባለው የዓይን ቅባት ጠዋትና ማታ ለ6 ሳምንት ይቀባል።

መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ይህን በደንብ ያሳዩት እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ ያሉት የሁለት እጁ እነሴ ሰዎች ናቸው። ትራኮማ የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባ ሰገራ አይራባም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዚህ አንድ ወረዳ ብቻ ከ20,000 በላይ ቤተሰቦች የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፈሩ። ለሥራው ድጋፍ የሰጠው የካርተር ማዕከል ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር፣ ሥራውን የገፉት ሴቶቹ ናቸው እያሉ በየአገሩ ተናግረዋል። ምክንያቱን ሴት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ነው። ሆዷን ይዛ እስኪመሽ መጠበቅ አለባት። መጸዳጃ ቤት ሲሠራ ይህ ጭንቅ ቀረላት። የዝንቡ መቀነስ ለብዙዎቹ ምርቃት ነበር ማለት ይቻላል።

ሞሮኮ በ2009 ዓ.ም.፣ ጋና በ2010 ዓ.ም. ትራኮማን ከሕዝብ ችግርነት አውጥተውታል። በኛ አገር ግን ገና አልጠፋም።

ዓይን የሚቆጠቁጠው ሁሉ ትራኮማ ነው ማለት አይደለም። መስኮት በሌለው ቤት ጢስ ውስጥ የዋለ ዓይን ይቃጠላል። ለዚህ ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀት ይሻላል። አውድማ ላይ ገለባ ዓይን ውስጥ ይገባል። በምላስ ማውጣት የለመደብን ነገር ነው፤ ጥሩ አይደለም። በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሕመሙ ካደረ ግን ሐኪም ይየው፤ ገለባ የቧጠጠው ዓይን ይመረቅዛል። ሲመሽ ማየት የሚሳነው ልጅ፣ ዳፍንት የያዘው፣ ቪታሚን ኤ ጎድሎት ይሆናል። እሱም ዓይን ያደርቃል። ጉበት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ ዱባና ካሮት ይጠቅሙታል። ጤና ኬላም በየ6 ወሩ ለሕፃናት የሚሰጥ እንክብል አለ። በዕድሜ ብዛት የሚደርቅ ዓይንም አለ። ለዚህ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ ነክሮ፣ ዓይንን ጨፍኖ ከላይ ማድረግ ያሳርፋል። በዓይን ቆቡ ጠርዝ ያለውን ቅባት ያላላዋል። ይህን በቤት ማንም ሊያደርገው ይችላል። ዕይታ ከደበዘዘ፣ ነጭ ነገር ከታየ፣ ወይም ብርሃን ዓይንን ከወጋ ግን የቤት ሙከራው ይቅርና ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ።

አያቴ መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። «ዓይኔን በምላጭ? ያለችኝን አንዷን ሊያጠፉብኝ?» አሉ። አልፈርድባቸውም። ማን ነው ዓይኑን ለምላጭ በደስታ የሚሰጥ? አስቀድማ የታከመች አንዲት ጎረቤት መጥታ ዓይኗን ካሳየቻቸው በኋላ ነው ልባቸው የረጋው። ሕክምናው የሚሠራው የዓይን ቆቡ ላይ እንጂ ዓይኑ ላይ አይደለም። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል። ከዚያ በጥቂቱ ተቆርጦ ፀጉሩ ወደ ውጭ እንዲዞር ይሰፋል። አልጋ መያዝ የለበትም። አያቴ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ።

ብልዝ የያዘው የግራ ዓይናቸው አልተመለሰም። ሐኪሙም አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ቀኙ ግን ዳነ። ፋሻው ከተነሣ በኋላ ባሉት ቀናት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን አነሡ። ጥጡ ሲቀጥን አዩት። ወረንጦውን ከማተባቸው ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ። እሾህ ማውጫ አድርጌዋለሁ።

ኅዳር መጣ፣ ማር ተቆረጠ። የመጀመሪያዋን ማሰሮ አያቴ እንደ ልማዳቸው ለራሳቸው አስቀመጡ። እኔም ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ሳቁና ማሰሮውን ወደ ልጆቹ ገፉት። ትኩስ ዳቦ ተቆርሶ ነበር።