በወጨጫ ተራራ የሚያወጡት የእግር መንገዶች

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ጧት ወጥቶ ማታ ለመመለስ በሚመች ርቀት፣ የውስጡ እሳት ከጠፋ እልፍ ዘመን ያለፈው የወጨጫ ተራራ ይገኛል፤ በምዕራብ ጎኑም የመናገሻ ሱባ ደን ተዘርግቷል። ትውፊት እንደሚያወሳው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስዘሩበት። ዛሬ የቆመው ጥድ ሁሉ የዚያ ዘር ልጅ ነው ብሎ መማል ቢከብድም፣ መጥረቢያን የከለከለው የነገሥታት ቃል ዱሩን እንዳተረፈው ግን አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ባላገኘው ባዲስ አበባ ዙሪያ ዕንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው፣ ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበርና።

ከሱባ ተነሥቶ ሽቅብ የሚያቀናው የእግር መንገድ በመጀመሪያ የሚያልፈው በጥድ፣ በወይራና በዝግባ መካከል ነው። ያረጀ ጥድ ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፣ ከቅርንጫፉም አረንጓዴ ሽበት የመሰለ ነገር ይንዠረገጋል፤ ከሥሩ ግን የራሱ ችግኝ እምብዛም አይታይም፣ ጥድ ለመብቀል ብርሃን ይሻልና፣ በእናቱ ጥላ ሥር ማደግ አይሆንለትም። ጉሬዛዎች በላይ በላይ ሲዘሉ ለማየት አንገትን ማቅናት ይበቃል፤ የምኒልክ ድኩላ ግን ዐይን አፋር ነውና፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ገላውን ለቅጽበት አሳይቶ፣ እንደ ውሻ ጮኾ ቍጥቋጦው ውስጥ ይሰወራል። ነብርም አለ ይባላል፤ ፈለጉን እንጂ እርሱን ያየ ጥቂት ነው።

ከፍታው ሲጨምር ጥዱ እየሳሳ ኮሶ ይተካዋል፤ ያበበች ሴቴ ኮሶ፣ የጥንቱን የትል መድኀኒት ቀይ ዘለላዋን አንጠልጥላ፣ ከሩቅ ትለያለች። ከዚያም ወዲያ አስታ ብቻ ይቀራል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ የእግር መንገዱም ድንጋያማ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,385 ሜትር ከሚደርሰው የተራራው ራስ ላይ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ አዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ትታያለች።

በክረምት ጭቃው እግር ያዳልጣል፣ ጉሙም መንገድ ያሳስታል፤ ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ መውጣት ይሻላል። ዱላ መያዝ አይረሳ፤ ቍልቍለቱ ከዐቀበቱ ይልቅ ጕልበት ይፈትናል።